መስታወት ላይ የሞተው ጓደኛዬ

ዛሬ ጠዋት ላልሞተ ሰው አለቀስሁ። አለቀስሁ ስላችሁ እንባዬን በመዳፌ ጠረግ አድርጌ መንገዴን የቀጠልሁ እንዳይመስላችሁ። ከወልድያ ተነሥቼ፣ መርሳ ደርሼ፣ ግራና ድረስ ሰው አስከትዬ ሄጄ፣ በሰውዬው ግቢ መካከል ደረቴን እየደቃሁ ነው ያለቀስሁት። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞኝነቴን በችርቻሮ ስሸጥ ኖሬ ዛሬ በጅምላ አወጣሁት።

ጥፋቱን በመነጽሬ ላላክክ አስቤ ነበር። መነጽሬ ግን ምን ያድርግ፤ እቤት ኮመዲኖ ላይ ነው የዋለው። እኔ መነጽር አድርጌ ከቤት አልወጣም። በሙያዬ ታፔላ ጻፊ ነበርሁና “ዓይኑ ደከመ” እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ዓይኔ ቢደክም ማን ሥራ ሊነሣኝ ነው? ነገሩ እጅ ጡረታ ይወጣል፣ እግር ጡረታ ይወጣል፣ ኩራት ግን እስከ መጨረሻው በሥራ ገበታው ላይ ነው።

የሙያዬን ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ ከወልድያ እስከ መርሳ “ልብስ ስፌት” ወይም “ምግብ ቤት” የሚል የቆርቆሮ ታፔላ አይታችሁ ፊደሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ከሆነ የእኔ እጅ ነው። ስልት ነው እያሉ ያደንቁልኛል። ያዘነበለው መሰላሉ ነበር። ለአንድ ሥጋ ቤት በሬ ስዬ፣ ሰዉ “ይህ ውሻ እዚህ ምን ይሠራል?” እያለ ባለቤቱን ከነቢላዋው ከከተማ ሊያባርረው ነበር። ለጓደኛዬ ለሐጂ እንድሪስ የመርሳ ፍራፍሬ ሱቅ ደግሞ ማንጎ ሳልሁለት። ማንጎው እንቁላል መሰለና ገበያተኛው ሁሉ እንቁላል ፍለጋ ይጎርፍ ጀመር። አሁንስ አውርደው ይለኛል ብዬ ስፈራ እንድሪስ ሄዶ ዶሮ ገዛ።

“ያንተን ሥዕል ከማረም ዶሮ ማርባት ይቀላል” አለኝ።

እንድሪስ ማለት ይህ ነው። ያውም ያኔ ገና ሐጂ ሳይባል።

ያ ታፔላ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ጠጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጁ ዘሃራ ሱቁን ተረክባ ስታሳድሰው ወረደ። እንድሪስ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ወልድያ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። “ሠላሳ ዓመት ያበላኝን ነገር ቆሻሻ ላይ አልጥልም” አለ። ልብ ያለው ሰው ይህን ክብር ነው ይለዋል። እኔ ግን የራሴን ሬሳ ያመጣብኝ መሰለኝና፣ “እኔንስ ጠቅልለህ የምትጥለኝ መቼ ነው?” አልሁት። ቁጭ እንኳ ሳይል ሄደ።

አምና ዘሃራን ሲድር ሰው ልኮ “ኒካሁ ላይ ከጎኔ ትቀመጣለህ” አለኝ። እርሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፤ በእኛ አገር አብሮ መቀመጡ ማንንም አያስገርምም፤ የሚያስገርመው መቅረቱ ነው። እኔ ቀረሁ። ወገቤን ያዘኝ ብዬ ላክሁ። ወገቤ ደህና ነበር፤ የያዘኝ ጥጋብ ነው። በሳምንቱ እንድሪስ “ለወገብህ” ብሎ አንድ ካርቶን ማንጎ ላከልኝ። ማንጎ ለወገብ ምን እንደሚፈይድ አላውቅም፤ ለሕሊና ግን አይስማማም። በላሁት። አላመሰገንሁም። ጭራሽ ደውዬ ይቅርታ እንዳልጠይቅ ብዬ ቁጥሩን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። ደግ ሥራ በራሴ ላይ እንዳይሾልክብኝ እንዲህ ነቅቼ የምጠብቅ ዘበኛ ነኝ።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ወልድያ ዋናው መንገድ ላይ አዲስ ጁስ ቤት ይከፈታል ሲባል ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ጁስ የሚጠጣ ጥርስ ያለው ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ጁስ ጥርስ እንደማይፈልግ አሁን ስጽፈው ነው ትዝ ያለኝ። ፊት ለፊቱ ከመሬት እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ከማዶ ቆሜ፣ በልማዴ፣ “ታፔላውን የት ይሰቅሉት ይሆን?” እያልሁ ስተች፣ መስታወቱ ድንገት በራ። እንድሪስ ወጣ።

በር የሚያህል እንድሪስ። ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጢም፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዙሪያውን አበባ ከቦት፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ያየኛል። ፎቶ እንዳልል ፎቶ የተለጠፈበት ወረቀት አለው። ሰው እንዳልል በጢሙ ውስጥ ወንበር ይታየኛል፤ በደረቱ ውስጥ ሴቶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሥጋው ቀርቶ ብርሃኑ ብቻ የመጣ ይመስላል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ ያለ መነጽር የጉንዳን ሰልፍ ነው። ከጽሑፉ ሥር ግን ሁለት ረድፍ ቁጥር መኖሩን ለየሁ። እኔ በሥራ ዘመኔ ከሰው ምስል ሥር ሁለት ረድፍ ቁጥር የጻፍሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የተወለደበትና ያረፈበት።

ይህን አስቤ ሳልጨርስ እንድሪስ እልም አለ። መስታወቱ ተራ መስታወት ሆነ። ከመስታወቱ ጀርባ ዘሃራ ቆማለች፤ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። ሴቶቹ ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት።

በእኔ ጊዜ ታፔላ የሚሰቀለው ከጀርባው ያለውን ሊሸፍን ጭምር ነበር። ግድግዳው የተሰነጠቀ እንደሆነ እዚያው ላይ ይመታል፤ አለቀ። ይኸኛው ግን ምስሉንም ከምስሉ ጀርባ ያለውንም እኩል ያሳያል። ሁለቱንም አየሁ። ሁለቱንም ተሳሳትሁ።

አንድ ጤነኛ ሰው መንገዱን ተሻግሮ ገብቶ ይጠይቃል። መርዶ አሁን የተነገራት ልጅ የአባቷን ምስል መቼ አሠርታ መቼ ሰቀለችው ብሎ ያስባል። ሙስሊም ሲሞት ምስሉን በአበባ ከቦ መንገድ ላይ ማውጣት ከየት መጣ ብሎም ይጠይቃል። እኔ ግን ያሰብሁት አንድ ነገር ነው፦ ሰርጓን የቀረሁባትን ልጅ በለቅሶዋ ቀን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ኮፍያዬን አውልቄ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ተደግፌ ስንሰቀሰቅ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ደረሱ። እትዬ ጥሩወርቅ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ እንደሚወጣ ሐዘናቸውን አዘጋጅተው የሚወጡ ሴት ናቸው።

“ምን ሆኑ አንቱ? ፊትዎ አመድ መሰለ እኮ!”

“እንድሪስ…”

“የቱ እንድሪስ?”

“የግራናው። የእኔው።”

“ውይ በሞትሁት! መቼ?”

“አሁን መስታወቱ ላይ አወጡት። ልጁም ያቻትልዎት።”

እትዬ ጥሩወርቅ በመስታወቱ አሻግረው አዩ። ዘሃራ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። “እውነት ነው፤ ተረድታለች” አሉና ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። “በሉ ቶሎ! የሙስሊም ጀናዛ እንደኛ አይቆይም፤ ዙሁር ሳይደርስ አፈር ይለብሳል። ለመሆኑ ደውለዋል?”

“ቁጥሩ የለኝም።”

“የጓደኛዎ ቁጥር?”

“ጠፋ።”

“እንዴት ይጠፋል?”

“አጠፋሁት።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ወደ መናኸሪያ ቀደሙኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ገና ሳንነቃነቅ ተሳፋሪው ሁሉ ማን እንደሞተብን ዐወቀ። እኩሉ “አላህ ይዘንለት”፣ እኩሉ “ነፍስ ይማር” አለልን። እትዬ ጥሩወርቅ የሟችን ደግነት መዘርዘር ጀመሩ። ሰርጉ ላይ ነበሩና እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር እዚያው አወጡት።

“ኒካሁ እስከ አሱር ሶላት ቆየ እኮ! ከጎናቸው ቦታ ይዘው፣ ትራስ አስቀምጠው፣ ሽማግሌዎቹ ‘እንጀምር’ ሲሏቸው ‘ትንሽ ታገሡኝ፣ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው’ ይላሉ። መልሰው ‘እንጀምር’፤ መልሰው ‘ወንድሜ መንገድ ላይ ነው’።”

“ወንድማቸው ማን ነው?” አለች ከኋላ የተቀመጠች የውርጌሳ ሴትዮ።

እትዬ ጥሩወርቅ በአገጫቸው አሳዩኝ።

“እና የት ነበሩ አንቱ?” አለችኝ።

“ቤቴ።”

“ምን ይዞዎት?”

“ወገቤን።”

“አሁንስ ተሻለዎት?”

መዋሸት እችል ነበር። ግን ጓደኛው የሞተበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ወገብ አይዋሽም። “ምንም አልነበረም” አልሁ።

“ያ አላህ!” አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ከዚያ በኋላ እስከ መርሳ ያነጋገረኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ገበሬ ብቻ፣ ዞር ሳይል፣ “ሰው በቁሙ ነው” አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው።

መርሳ ስንደርስ የእንድሪስ ሱቅ ዝግ ነው። ይኸውላችሁ ሦስተኛው ማስረጃ! ጎረቤቱ ሱቀኛ ከማል ምንም አልሰማም። ስንነግረው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ።

“ትናንት እኮ አብረን ሰግደናል!”

“ድንገት ነዋ” አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ማን ነገራቸው? ማንም። ባጃጅ ስንሳፈር “በእንቅልፋቸው” ሆነ። ከመርሳ ስንወጣ ደግሞ “ማታ ውሃ ጠይቀው ነበር” ተባለ። ከማል ሱቁን ቆልፎ ተከተለን፤ ሱቁን ሲቆልፍ ያዩት ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ እነርሱን ያዩ ሌሎች ተጨመሩ። በሦስት ባጃጅ ተጭነን ወደ ግራና ስንገሰግስ “ማን ነገራችሁ?” ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ሽበትና እንባ አብረው ሲመጡ መታወቂያ አይጠየቁም።

የእንድሪስ ግቢ ጭር ብሏል። ድንኳን የለም፣ ሰው የለም። “ወስደውታል!” አልሁ፤ “ቀብሩ አመለጠኝ!” ሰርጉ አመለጠኝ፣ ቀብሩ አመለጠኝ፤ እንግዲህ የሰው ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ቀጠሮ አለው? ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር ተንበርክኬ ዓይኔን ጨፍኜ ጩኸቴን ለቀቅሁት።

ከማል ጎንበስ ብሎ፣ “አባት፣ በእኛ ጩኸት አይወደድም፤ ለእሳቸው የሚሻለው ዱዓ ነው” አለኝ።

“ዱዓውስ ለእኔ ነው የሚያስፈልገው!” ብዬ ቀጠልሁ።

ቀጥሎ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ ጭፍን ነበር፤ ኋላ ነው የነገሩኝ። እንድሪስ ከጓሮ ለአትክልቱ ውሃ ሲመልስ ዋይታውን ሰምቶ፣ ሱሪውን እንደሰበሰበ፣ አካፋውን እንደያዘ መጣ። በእኛ አገር ሰው ሲያለቅስ ያገኘ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። እንድሪስም አካፋውን ዛፍ አስደግፎ፣ ከሁሉ ኋላ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ እንባውን አወረደ። ሲበቃው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደሚያነቡት እትዬ ጥሩወርቅ ጠጋ አለ።

“እህቴ፣ ማን ነው የሞተው?”

“ሐጂ እንድሪስ።”

“ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የየት አገሩ እንድሪስ?”

“የግራናው ናቸዋ! የዚህ ቤት ባለቤት!”

እንድሪስ ቤቱን ዞር ብሎ አየው አሉ። “የዚህ ቤት ባለቤትስ እኔ ነበርሁ” አለ፣ እርሱም እርግጠኛ እንዳልሆነ ሰው።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አዩት። ከዚያ የጮኹት ጩኸት የዕለቱ ብቸኛው እውነተኛ ጩኸት ነው ይላሉ። ከማል ባይደግፋቸው ወድቀው ነበር። ግቢው ጸጥ አለ። እኔ ብቻ፣ ጸጥታው ለእኔ ልቅሶ ክብር የተሰጠ መስሎኝ፣ ድምፄን ጨመርሁ።

“ወገቤን አላመመኝም ነበር እንድሪስ! ዋሽቼህ ነው! ታፔላዬን በጋቢ ተሸክመህ ስትመጣ እንደ ጠላት አባረርሁህ! መንገድ ላይ ነው ስትል እኔ አልጋዬ ላይ ነበርሁ! ማንጎህን አሥራ ስድስቱንም ብቻዬን በላሁት! እግዜር ይስጥህ እንኳ አላልሁህም ወንድሜ!”

“ሃያ ነበሩ” አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

“አሥራ ስድስት ነው የደረሰኝ” አልሁ፣ ዓይኔን እንደጨፈንሁ።

ከዚያ ነው ዓይኔን የገለጥሁት።

የሆነውን ሳቅ አልጽፈውም። የባጃጅ ነጂዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ነው የሳቁት። እንድሪስ ክንዴን ይዞ አነሣኝ። “አብሽር፣ አለሁ” አለኝ። እጁ ጭቃ ነበረው፤ ሞቃት ነበር። ከመስታወት ላይ ካየሁት ጋር ሳስተያየው ጢሙ ብዙ ሳስቷል፤ ጉንጩም ጎድጉዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበርና ይህ ሁሉ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ከማል ለዘሃራ ደውሎ ስልኩን ጮክ አደረገው። ነገሩ ሲገባት እርሷም እየሳቀች እየተናደደች አስረዳችን። ጁስ ቤቱ የእርሷ ነው፤ መክፈቻው ዛሬ ነበር፤ የመርሳውን ሱቅ የዘጋችውም ለዚሁ ነው። መስታወቱ ላይ ስስ ላስቲክ የሚመስል ነገር ተለጥፏል፤ ውስጡ ዓይን የማይለያቸው ጥቃቅን መብራቶች አሉት፤ ሲበራ ምስል፣ ሲጠፋ መስታወት።

“አባቴ ‘የውሃ ተራዬ ነው’ ብሎ ቀረ፤ መጀመሪያ ምስሉ ይወጣና ሰላም ይላል፤ ከዚያ ማንጎው ይወርዳል፤ ከዚያ ጁሱ ይቀዳል። ማንጎው ሊወርድ ሲል መብራት ሄደ! ሰው በር ላይ ቆሞ! ታዲያ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ልጫን እንጂ ምን ላድርግ?”

“ቁጥሮቹስ?” አልሁ በደከመ ድምፅ።

“ስልክ ናቸዋ! ሁለት ቁጥር ነው ያለኝ።”

“አበባውስ?”

“የማንጎ አበባ ነው።”  ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ግን እዚያው ከማዶ ቆመው ነበር ማለት ነው? ለምን አልገቡም? በሩ እኮ ክፍት ነበር” አለችኝ።

ፊቴን ወደ ማንጎው አዞርሁ። 

ሰዉ ሳቁን ጨርሶ ጥላ ጥላው ሥር ሲበተን እንድሪስ ማንጎው ሥር ከጎኔ ተቀመጠ። እግሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ቆየ።

“ለሟቹ እንድሪስ ብዙ ነገርከው” አለ። “ደህና አድርገህ ነው የነገርከው፤ እኔም ልቤ ተነክቶ አልቅሻለሁ። ይህ የተቀመጠውስ ምን አደረገህ?”

ምን እንደሚፈልግ ዐውቃለሁ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የበደለውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ “አውፍ በለኝ” ይላል። ሁለት ቃል ናት። የተበደለው “አውፍ ብያለሁ” ይላል፤ ነገር እዚያ ላይ ይሞታል። ሠላሳ ዓመት ፊደል ስጽፍ የኖርሁ ሰው ሁለት ቃል አታቅተኝም ብዬ አፌን ከፈትሁ።

“መስታወቱ ላይ ጢምህ ይበልጥ ያምራል” አልሁ።

እንድሪስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ፊቱን ከእኔ ላይ አላነሣም። ጠበቀኝ። እኔ ጉንዳን አየሁ፣ ቅጠል አየሁ፣ የራሴን ጫማ አየሁ። ለሬሳ ሲሆን እንደ ጎርፍ የሚወርድ ቃል ለሕያው ሰው ሲሆን ምን እንደሚገድበው እንጃ። ሬሳ አይመልስም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ሕያው ሰው “አውፍ ብያለሁ” ብሎ ሲያይህ ከዚያ በኋላ የምትደበቅበት ወገብ የለህም።

አዛን ተሰማ። እንድሪስ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ “ሰግጄ እስክመጣ አስብበት” ብሎ በዝግታ ወደ መስጊዱ ሄደ።

እንደወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ከበር ጠሩኝ። “ይምጡ እንጂ አንቱ፣ ባጃጁ ሊሄድ ነው! ወይስ ሌላ የሚቀብሩት አለዎት?” ሌላ ባጃጅ እንደማላጣ ዐውቅ ነበር። እዚያው ሌሎች ሁለት ባጃጆች ቆመው ነበር። ተነሥቼ ገባሁ።

ይኸው ቤቴ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ይህን እጽፋለሁ። ጥፋቴን ለሚኒባስ ሙሉ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ለመርሳ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ለማላውቃችሁ ለእናንተም ይኸው ምንም ሳላስቀር ነገርኋችሁ። ያልነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሶላቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ይሄኔ እንድሪስ ወደ ማንጎው ተመልሶ አጥቶኛል።

ለእንድሪስ አንድ “አውፍ በለኝ” አለብኝ።